የሲስተር ድንቅነሽ ሁለተኛው ርክክብ

ሲስተር ድንቅነሽ ማረፋቸውን ከቡታጅራ ደውሎ የነገረኝ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዱ ነው። የሞት ዜና ሲነገረኝ ቀንና ሰዓት፣ ቦታና ዕድሜ መጠየቅ የሥራ ልማዴ ስለሆነ ጠየቅሁት። ቀኑንና ሰዓቱን ነገረኝ። ዕድሜያቸው ላይ ሲደርስ ግን ሳቅ አለና፣ "ጋሼ፣ እሱንማ እርስዎም ጠይቀው አልተሳካልዎትም አሉ" አለኝ። እውነቱን ነው። ለዘገባ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ "መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ የተማሪ ውሸት ከሩቅ ይታየኛል። ከዚህ የተረፈውን ለመዝገብ ቤት ተወው" ነበር ያሉኝ። ከስማቸው ትይዩ የተውኩት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ስለ እኚህ ሴት አንድ ጊዜ ጽፌ ነበር። ግማሹ ታትሞ ግማሹ ቀረ። አሁን የምጽፈው የቀረውን ነው።

ጊዜው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የግል የጤና ኮሌጆች በየከተማው እንደ አሸን የፈሉበት፣ ሞባይል ስልክ ገና ከባለሥልጣንና ከነጋዴ እጅ ያልወጣበት ዘመን። እኔ ወልቂጤ ተቀምጬ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የዞኑን ወሬ እልክ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የነርስ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ ሲጀምሩ ትምህርታቸውን ጥለው ይሄዳሉ የሚል ሰማሁ። ለሁለት ቀን ብዬ ሄጄ ዐሥራ አምስት ቀን ቆየሁ።

የኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ሦስት ምክንያት ነገረኝ። የክፍያ ችግር፣ ጋብቻ፣ የፈተና ውጤት። ሦስቱንም በቁጥር ጽፌ፣ ተማሪዎቹ ወደሚለማመዱበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ልምምዱን የሚመሩት ሲስተር ድንቅነሽ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰዓታቸውን የሚያስሩት በእጃቸው ሳይሆን ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ነው። ወልቂጤ ልብስ ሰፊ ከሆኑ የጴንጤ ቤተሰብ ተወልደው አድገዋል። አማርኛቸው የሰባት ቤት ጉራጌ ቃና አለው፤ ሲቆጡ ደግሞ ቃናው ይበረታል።

ደብተሬን ተቀብለው ሦስቱን ምክንያቶች አነበቡና መለሱልኝ።

"አራተኛውን ማን ሰረቀህ?"

"አራተኛ አለ እንዴ?"

"ዝለት ነው፣ ልጄ። ድካም አላልኩህም። ድካም ሌሊት ተኝተህ ጠዋት ይለቅሃል። ዝለት ግን አብሮህ ተኝቶ ካንተ ቀድሞ ይነሳል።"

ይህ ዜና ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ከልቤ ነበር። "ስድስት ሰዓት ላይ ጨርቅ ክፍል ና። ብዕርህን ውጭ ትተህ" ብለው ወደ ሥራቸው ገቡ።

ጨርቅ ክፍል ማለት የታጠበ አንሶላ የሚከመርበት ጠባብ ክፍል ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የጠዋቱ ተራ ያልቅና ተማሪዎቹ ሕሙማኑን ለከሰዓት ተረኞቹ ያስረክባሉ፤ ይኼኛው አልጋ ትኩሳቱ ስንት ነው፣ ያኛው መድኃኒቱን ወስዷል ወይ፣ የሚለውን። ይህ የሁሉም ጤና ጣቢያ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ርክክብ ግን የሲስተር ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ጋዎናቸውን ሳያወልቁ በጨርቁ ክምር ላይ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ከዚያ ቀን ውስጥ ይዞት ወደ ቤት የሚሄደውን አንድ ነገር ይናገራል። አጠገቡ ያለው ተማሪ የሰማውን ደግሞ ይናገርና "ተረክቤአለሁ" ይላል። በማግስቱ ደግሞ፣ "ያ ነገር እንዴት አደረ?" ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። መምከር ክልክል ነው። ከሁሉ የከፋው ክልክል ደግሞ "አይዞሽ" ማለት ነበር።

"አይዞሽ ጥሩ ቃል ነው" ይሉ ነበር ሲስተር። "ግን ሰው ገና አፉን ሲከፍት አይዞሽ ካልከው፣ ዝም በል ማለትህ ነው።"

ያን ቀን እንዳልጽፍ ተከልክዬ እጄ ሥራ ፈቶ ሲንቀዠቀዥ አዩና አንድ እቅፍ አንሶላ ወረወሩልኝ። "እጠፍ" አሉኝ። አጠፍኩ። ከፊቴ የተቀመጠ ቀጭን ተማሪ ትንሽ ካየኝ በኋላ፣ "ጋሼ፣ አንሶላ በአራት ማዕዘን ነው የሚታጠፈው። እርስዎ ሳምቡሳ እየጠቀለሉ ነው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ልጅ ጀመረች።

"ስድስት ቁጥር ያሉት አባት በልጃቸው ስም ይጠሩኛል። ልጃቸው ሞታለች።"

አጠገቧ ያለችው፣ "ስድስት ቁጥር ያሉት አባት በሞተች ልጃቸው ስም ይጠሩሻል። ተረክቤአለሁ" አለች።

ቀጭኑ ልጅ ተራው ሲደርስ፣ "እኔ ይዤ የምሄደው የካርድ ክፍሉን ሰውዬ ስድብ ነው" አለ።

"እሱን ማንም አይረከብም" አሉ ሲስተር። "ለባለቤቱ መልስለት።"

ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። ሲያልቅ ሲስተር እየዞሩ ከሁለት ሦስቱ ተማሪዎች አንጓ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ደረታቸው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና አድርገው የልብ ምት ቆጠሩ። አንዷን "አንቺ ዛሬ ቁርስ አልበላሽም" ብለው ከምሳ ዕቃቸው ቆጮና ጎመን ቆርሰው አጎረሷት። ልጅቷ ልትግደረደር ስትል፣ "ዋጪ! አንቺ ስለራበሽ በሽተኛው ምን ዕዳ አለበት?" አሏት። ስለ ጥንካሬ የተናገሩት አንድ ነገርም አለ፤ ያን ዕለት ደብተሬ ጋ እንደደረስኩ የጻፍኩት። "ጠንካራ ነርስ ማለት የማይሰማት ማለት አይደለም። ድንጋይም አይሰማውም። ድንጋይ ግን መርፌ ሲወጋ አይተህ ታውቃለህ?"

ከተማሪዎቹ መካከል ሰሚራ የምትባል ነበረች። ከቡታጅራ ብዙም ከማይርቅ የመስቃን ገጠር የመጣች፣ የበርበሬ ገበሬ ልጅ። ከክፍሉ አንደኛ ናት፤ እጇ ረጋ ያለ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። የሁሉንም ሸክም ትረከባለች። ተራዋ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ፣ "እኔ የለኝም ሲስተር፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች። እኔ ለዘገባው ምሳሌ እንድትሆነኝ አስቤባት ነበር። ይህን ለሲስተር ስነግራቸው፣ "እኔ የምፈራው ለእሷ ነው" አሉኝ።

"ጎበዝ ናት እኮ።"

"ለዚህ ነዋ። ምንም አያመኝም የሚል በሽተኛ ወይ ውሸቱን ነው፣ ወይ ሞቷል።"

ይህን ባሉኝ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ የወለደች ሴት በቃሬዛ መጣች። ልጁን ቤቷ ነው የወለደችው፤ ደሙ ግን አልቆም ብሎ ነበር። መንገዱ ረጅም ስለነበር ሲደርሱ ብዙ ደም ፈስሷል። ሲስተርና አንድ ጤና መኮንን የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ፤ ሰሚራ ራስጌዋ ቆማ እጇን ያዘች። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ግቢው ውስጥ ሲገባ ሴትየዋ አረፈች። ቃሬዛውን ያመጡት ቤተሰቦች እናቷን ጨምሮ ከበር ውጭ ነበሩ። አስታማሚ ማዋለጃ ክፍል አይገባም።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሰሚራ ጨርቅ ክፍል አልመጣችም። ጋዎኗን አጥፋ አልጋ ላይ አኑራ ሄዳለች። ማክሰኞም ረቡዕም አልመጣችም። ሐሙስ ዕለት አባቷ አቶ ከድር እሷን አስከትለው ኮሌጁ መጡ፤ ሰነዷን ሊያወጡ። ሲስተርም ተጠርተው ነበርና አብሬ ሄድኩ። ልጅቷ በሦስት ቀን ውስጥ ፊቷ ተለውጧል።

አቶ ከድር ቁጣ የላቸውም። "ልጄን የሰጠኋችሁ ጤነኛ አድርጌ ነው" አሉ። "አሁን አትበላም፣ አትናገርም። እኔ ዲፕሎማ አልፈልግም፤ ሲስተር። ልጄን መልሱልኝ።"

ሲስተር ይሟገታሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ ሰሚራ ዞረው፣ "ለቅሶ ደርሰሻል?" አሏት።

ልጅቷ አልደረስኩም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

"ቤታቸው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ከእኛ መንደር ማዶ ነው" አሉ አቶ ከድር። "እኔ ደርሻለሁ። እሷ ግን በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?"

"እንግዲያው ሰነዷን ነገ ይወስዳሉ፤ ዛሬ ለቅሶ እንሄዳለን" አሉ ሲስተር።

የኮሌጁ ምክትል ዲን ወጣትና ጨዋ ሰው ነበር። ብድግ አለ። "ሲስተር፣ ይህን ማድረግ አንችልም። ነርስ ሟች ቤት ለቅሶ ከሄደች ጥፋታችንን አምነን ፈረምን ማለት ነው።"

"ለቅሶ ቤት ፊርማ የለም፣ ልጄ።"

"ከባድ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ እገደዳለሁ።"

"ጻፍ። ጽሑፍህ ያምራል።"

ከበሩ ስንወጣ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ አጭሩና ግልጹ ይህ ነው። "በእኛ አገር ሰው ሲሞት የማያውቀው እንኳ ሄዶ ይቀመጣል። አልቅሶ፣ ተቀምጦ፣ በልቶ ይነሳል፤ ሐዘኑን እዚያ አራግፎ ነው ቤቱ የሚገባው። ነርስ ብቻ ናት ሟቿን ትታ ወደሚቀጥለው አልጋ የምትሄደው። እነዚህ ልጆች ዐሥር ሰው ይሞትባቸውና አንድ ለቅሶ አልተቀመጡም። የት ያራግፉት?"

ጋሪ ተሳፈርን። ባለ ጋሪው፣ ሲስተር፣ ሰሚራ፣ አባቷና እኔ። ፈረሱ ዳገት ላይ ሲቆም እኔና አቶ ከድር እየወረድን በእግራችን ሄድን። መንገዱ ተጋምሶ ሰሚራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

"ቢያባርሩኝስ?"

"ያባርሩሽ። በዚሁ ጋሪ እንመለሳለን" አሉ ሲስተር።

"ገደለቻት ቢሉኝስ?"

ሲስተር አይዞሽ አላሏትም። "እኔም አብሬ ነበርኩ። ካሉ ለሁለታችን ይሆናል" ብለው መንገዱን ማየት ቀጠሉ።

ግቢው ውስጥ ወንዶቹ በተዘረጋ ሸራ ሥር ተቀምጠዋል። አሰላሙ አለይኩም ብለን ገባን። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ነው ያለው፤ እጁን ጨበጥኩት። ሲስተርና ሰሚራ ሴቶቹ ወዳሉበት ቤት ገቡ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሆነውን በጆሮዬ አልሰማሁም። ንግግሩም በመስቃን ቋንቋ ነበር፤ ሲስተር ግማሹ ብቻ ነው የገባቸው። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቄ የተስማሙበትን ነው የምጽፈው።

የሟች እናት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተር ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው አላህ ሶብሩን ይስጥዎ አሏቸው። ሴትየዋ ቀና ብለው ሰሚራን አዩና፣ "ይቺ ማን ናት?" አሉ።

"ያን ቀን እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለች ሰሚራ።

ከሴቶቹ አንዷ ልትነሳ ስትል እናትየው በእጃቸው አስቀመጧት።

"ብቻዋን አልነበረችም?" አሉ።

"አልነበረችም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልለቀቅኋትም።"

"ምን አለች?"

"ውሃ አለች። ከንፈሯን አራስኩላት። ከዚያ ልጁ ወንድ ነው ሴት ብላ ጠየቀችኝ። ከቤት ስትወጣ ራሷን ስታ ነበር መሰለኝ፣ አላወቀችም ነበር። ሴት ናት ተብሏል አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። ሌላ አልተናገረችም።"

እናትየው ይህን ሲሰሙ ጮኸው አለቀሱ። ሦስት ቀን ሙሉ እንባ እንዳልወጣቸው በኋላ ነው የተነገረን። ልጃቸው የወለደችውን ሳታውቅ፣ በማታውቀው ቦታ፣ ብቻዋን የሞተች ነበር የመሰላቸው።

ሰሚራም መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "እማማ፣ ዋሽቻታለሁ" አለች። "ትድኛለሽ፣ ልጅሽን ታሳድጊያለሽ ብያታለሁ።"

ሴትየዋ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ልጅቷን ወደ ጎናቸው ሳቧት። "እኔም ቃሬዛው ላይ እያለች እንዲሁ ብያታለሁ" አሉ። "አገሩ ሁሉ እየመጣ አላህ ያጽናሽ ይለኛል። እኔ ግን ስፈልግ የነበረው አንቺን ነው።"

አመሻሹ ላይ ምግብ ቀረበ። እንደ ልማዱ እኛም በላን። አቶ ከድር ከሸራው ሥር ሆነው አንገታቸውን እያሰገጉ ወደ በሩ ያያሉ። ሲስተር ደጃፉ ላይ ብቅ ብለው፣ "በልታለች" አሏቸው። ሰውዬው ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ።

ስንመለስ አቶ ከድር ለሰነዱ ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ ብለው ጠየቁ። ሲስተር፣ "እኔን ምን ይጠይቁኛል፤ ባለቤቷ እዚህ ተቀምጣለች" አሉ። ሰሚራ ጋሪው አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው፣ "እስከ ሰኞ ላስብበት" ያለችው። ከዚያ በላይ ማንም አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ዕለት ሲስተርን ቤታቸው አገኘኋቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው። የሥራ ቦታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ ለአንዲት ተማሪ ለምን ይህን ያህል እንደሄዱ ጠየቅኋቸው። እንደ ሥራ ልማዴ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅሁት፤ በመጀመሪያው ስቀው አለፉኝ። በሁለተኛው ግን ደረታቸው ላይ ያለውን ሰዓት በእጃቸው ጨበጡ።

"እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ልጅ እጄ ላይ ሞተብኝ" አሉ። "አባቱ ተሸክሞት ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ወጥቼ አብሬው ልሄድ አሰብኩ፤ ሌላ አልጋ ተጠራሁ። በኋላ ብጠይቅ ቤታቸውን የሚያውቅ አልተገኘም። ከሩቅ የመጡ ነበሩ። ለቅሶ ያለበት ሰው ያርፋል እንዴ? አንተ ታርፋለህ? ቤቱን አላውቀውም እንጂ እስከ ዛሬ እሄድ ነበር።"

አይዞዎት ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። ከዚያ እንደ ተማሪዎቻቸው፣ የነገሩኝን በራሴ ቃል ደግሜ "ተረክቤአለሁ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ "አንሶላ ማጠፍ ብቻ ነው የቀረህ" አሉኝ።

ዘገባዬን ከአራት ምክንያቶች ጋር ላክሁ። በሦስት ምክንያት ታተመ። አዘጋጁ "ዝለት አይቆጠርም" ብሎ ነበር የቆረጠው። አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ የመኪና አደጋም፣ ረሃብም፣ የግጭት ቦታም ዘግቤአለሁ። አብረውኝ የጀመሩ ጥቂቶች ሥራውን ትተዋል፤ የተወሰኑት ሥራውን ሳይተዉ ራሳቸውን ትተዋል። እኔ እስከ ዛሬ የቆየሁት ከሌሎቹ ስለበረታሁ አይደለም። ከመስክ በተመለስኩ ቁጥር ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ነገር እናገራለሁ፤ እሱም ይነግረኛል፤ በማግስቱ እንጠያየቃለን። ከየት አመጣኸው ሲለኝ ከቡታጅራ እለዋለሁ። ሲስተር ይህን ስለማወቃቸው እርግጠኛ አይደለሁም። ሳልነግራቸው መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ ምስጋናዬም የዘገየ ነው።

ያኔ፣ ሰሚራ እስከዚያ ላስብበት ባለችው ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ወልቂጤ ከመሳፈሬ በፊት ልሰናበታቸው ጤና ጣቢያው ጎራ አልኩ። ሲስተር ማዋለጃው ኮሪደር ላይ ቆመዋል። በሩን አያዩም፤ ግን ሌላም ነገር አያዩም ነበር። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጋሪ ግቢው ውስጥ ገባ። ምጥ የያዛት ሴት ናት፤ አማቷ ደግፈዋታል። ከጋሪው የሚያወርዳቸው ሰው ስፈልግ፣ ጋዎን የለበሰች ልጅ ከበስተጀርባዬ በሩጫ አለፈችኝ። ሰሚራ ናት። በየት በኩል እንደገባች አላየሁም። በአንድ እጇ ወላዷን፣ በሌላው አሮጊቷን ይዛ መጣች።

ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። "ወላዷ ትግባ። እማማ እዚሁ ይቆያሉ።"

"እሳቸው ከእኔ ጋር ናቸው" አለች ሰሚራ፤ ድምጿ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው።

"አስታማሚ አይገባም ተብሏል!"

"ራስጌዋ ነው የሚቆሙት፤ ምንም አይነኩም። ይለፉ እማማ።"

ዘበኛው አንገቱን አስግጎ ወደ ኮሪደሩ ጮኸ። "ሲስተር! ኧረ ይቺ ልጅ ሕግ እያፈረሰች ነው!"

ሲስተር ድንቅነሽ ሰሚራን አዩ፤ አሮጊቷን አዩ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ይህን የክትባት ፖስተር ማን ነው አጣሞ የሰቀለው?" አሉና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ጫፍና ጫፉን ይዘው ያቃኑት ጀመር። ሦስቱ ሴቶች ከኋላቸው አለፉ፤ የማዋለጃው በር ተዘጋ። ሲስተር ግን ቶሎ አልዞሩም።

ፖስተሩ ጠማማ አልነበረም። ቀርቤ አይቼዋለሁ።